ልጄን የፈታልኝ የሥዕል ገመድ

መጀመሪያ የጠፋው ስሟ ነው።

ረድኤት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ነበር። ከዚያ በፊት "ረዱ" ስላት ዞር ብላ ትስቃለች። "እማ" ትላለች፣ "ውኃ" ትላለች፣ አባቷ ሲገባ ደግሞ "ባ!" ብላ ትጮኻለች። አንድ ቀን ልብስ እያጠብኩ ጠራኋት፤ አልዞረችም። ደግሜ ጠራኋት። አልዞረችም። ከጣሪያችን ቆርቆሮ የምስማር ቀዳዳ ብርሃን እንደ ክር ወርዶ መሬቱን ይነካል፤ በክሩ ውስጥ አቧራ ይዋኛል። እጇን ብርሃኑ ውስጥ አስገብታ ጣቶቿን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ፊቷ ላይ የነበረው ደስታ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። እኔ የሌለሁበት ደስታ ነበር።

ጆሮዋ ሄደ ብዬ ደነገጥኩ። ከኋላዋ ቆሜ የድስት ክዳን በማንኪያ መታሁ፤ ንቅንቅ አላለችም። ግን ከበራችን አጠገብ ያለው ባለሱቅ፣ ሸምሱ፣ የብስኩት ላስቲክ ሲያንኮሻኩሽ ከቤት ውስጥ ሰምታ ትነሳለች። ታዲያ ይሄ ምን ዓይነት ጆሮ ነው? ባሌ ታደሰ የመጋዘን ጥበቃ ነው፤ ነገር አያካብድም። "ወንድሜም ዘግይቶ ነው አፉን የፈታው፤ አሁን ማን ያስቆመዋል?" አለኝ። ሳቅሁ። ሁለት ዓመት ሳይሞላት "ውኃ" ጠፋ። ቀጥሎ "ባ" ጠፋ። "እማ" የጠፋበትን ቀን አላውቀውም። አንድ ጠዋት ሳስበው ከሰማሁት ቆይቻለሁ።

ጠበል ወሰድኳት። አልቆጭበትም፣ ዛሬም እወስዳታለሁ፤ ውኃው ሲወርድባት ትስቃለች። የሰው አፍ ነው የከበደኝ። አንዷ የሰው ዓይን ነው ትላለች፣ ሌላዋ እርጉዝ ሳለሽ ምን አይተሽ ደነገጥሽ ትላለች። አንዲት ጎረቤቴ ደግሞ ጆሮዬ ሥር ተጠግታ፣ "ከቤት አታውጫት፤ እህቶቿ ባል ያጣሉ" አለችኝ። ረድኤት እኮ እህት የላትም።

አራት ዓመት ሲሞላት መሮጥ ጀመረች።

ቤታችን ቃሊቲ ነው፤ ከዋናው መንገድ አንርቅም። ባለ ተሳቢ መኪና ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ይንቀጠቀጣል፣ መደርደሪያው ላይ ብርጭቆዎቹ ይንሾካሾካሉ። በር ተከፈተ ማለት ረድኤት የለችም ማለት ነው። ጣቶቿን ዓይኗ ፊት እያርገበገበች፣ በሕልም እንደሚሄድ ሰው፣ ቀጥ ብላ ትወጣለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ እጄ አረፋ ውስጥ ነበር። ቀና አልኩ። በሩ ክፍት ነው። ወጣሁ። ቢጫ ቀሚሷን አየሁ። አስፋልቱ መሀል ነው። መኪናው እየመጣ ነው። ጥሩምባውን ነፋ። አልዞረችም።  

ሸምሱ ደረሰላት። የስኳር መስፈሪያውን እንኳ ከእጁ ሳይጥል ሮጦ ወገቧን አቅፎ ወደ ዳር ወደቀ። ስኳሩ አስፋልቱ ላይ ተበተነ። ተሳቢው በላዩ አለፈ። ሸምሱ ልጄን እንዳቀፈ፣ "እትዬ ዘነቡ፣ እኔ ሱቅ ልጠብቅ ወይስ መንገድ?" አለኝ። ቃሉ የቁጣ ነው፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

በማግስቱ መቀነቴን ከወገቤ ፈታሁ። አንዱን ጫፍ አልጋው እግር ላይ ቋጠርኩ። ሌላውን ቁርጭምጭሚቷ ላይ።

ሳጥብ አሰርኳት። ወጥ ስሠራ አሰርኳት። የማጥበው የሰው ልብስ ነው፤ ጥዬው ልጅ ላባርር አልችልም። መጀመሪያ እያለቀስኩ ነበር የማስራት። በኋላ ማልቀሱን ተውኩት። ሁለት ዓመት እንዲህ አለፈ።

ይህን የምታነቢ እህቴ፣ አንቺም አስረሽ ከሆነ አልፈርድብሽም። የምጽፈውም ላንቺ ብዬ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌ ቢወላገድ ታገሺኝ።

ሐኪም ቤት የሄድነው ትኩሳት ይዟት ነው። ሐኪሟ ሆዷን ዳሰሰች፣ ደረቷን አዳመጠች፣ ካልሲዋን ስታወልቅላት እጇ ቆመ።

"ይህ ምንድን ነው?"

"ጫማ ልጧት ነው" አልኩ።

"እናት፣ ይህ የጫማ አይደለም።"

  ከዚያ ነገርኳት፤ መኪናውን፣ ስኳሩን፣ መቀነቱን። የምትጮኽብኝ መስሎኝ ነበር። ወንበሯን ወደኔ አስጠግታ ጥያቄ ጀመረች፦ በጣቷ ትጠቁማለች ወይ? ዓይን ለዓይን ታያለች ወይ? አንድን ነገር ደጋግማ ታደርጋለች ወይ? በሌላ ቀጠሮ ተመልሰን፣ እሷም ረድኤትን ብዙ ሰዓት አይታ ነው ስሙን የነገረችኝ። ኦቲዝም።

"ትድናለች?" አልኳት።

"ጉንፋን እንደሚድነው አይድንም። ዕድሜዋን ሙሉ አብሯት ይኖራል። ግን ትማራለች። እርስዎም ይማራሉ።"

"እኔ? በዚህ ዕድሜዬ?"

"በዚህ ዕድሜዎ። መቀነቱን መፍታት አለብዎት፤ ግን ባዶ እጅዎን አይፍቱት። ለእሷ ቀኑ ጭጋግ ነው፤ ከዚህ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አይታያትም። በአፍ ሲነግሯት ቃሉ ይተናል። የማይተን፣ በዓይን የሚታይ ነገር ያስፈልጋታል።"

ጭጋግ የሚለው ቃል አብሮኝ ቤት ገባ። በታክሲው መስኮት ሳይ ፋብሪካዎቹ በአቧራው ውስጥ የሚንሳፈፉ ይመስላሉ፤ ጭስ ማውጫዎቹ እግር የላቸውም፣ ሰዎቹ ከወገባቸው በላይ ብቻ ይሄዳሉ። ረድኤት ጭኔ ላይ ሆና መስታወቱን ትልሳለች። ልጄ በየቀኑ የምትኖርበት አገር ይህ ከሆነ እኔም እሮጥ ነበር አልኩ በልቤ።

ሐኪሟ የላከችልን፣ እንዲህ ያሉ ልጆችን የምታሠለጥን ቴራፒስት ቤተልሔም ትባላለች፤ ቤቲ እንላታለን። ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። ቤታችን ስትመጣ ከመቀመጧ በፊት ነው የቀደምኳት። "ፊደል ልታስቆጥሪኝ ከሆነ ከወዲሁ ተስፋ ቁረጪ" አልኳት።

"ፊደል የለበትም እትዬ። ገመድና የልብስ መቆንጠጫ ይኖርዎታል?"

"ልብስ አጣቢ ቤት መጥተሽ?"

ሳቀች። በሞባይሏ የቤቴን ዕቃ እየዞረች ፎቶ አነሳች፦ ሽንት ቤቱን፣ የጥርስ ብሩሿን፣ ሰማያዊ ኩባያዋን፣ ውኃ የሞላ ሳፋውን፣ ጫማዋን፣ አልጋዋን። አሳጥባ መጣች። ሸምሱ የብስኩት ካርቶን ሰጠን፤ ፎቶዎቹን ካርቶን ላይ ለጥፈን በሰፊ ፕላስተር ሸፈንናቸው። በረድኤት ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ ገመድ ወጠርኩ፣ ካርዶቹን በቅደም ተከተል በመቆንጠጫ ሰቀልን። ከገመዱ መጨረሻ ሥር ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ አስቀመጥን።

"ሕጉ አንድ ነው" አለች ቤቲ። "ገመዱ ላይ ያለ ነገር ይሆናል። ከሆነ በኋላ ረድኤት ራሷ አውርዳ ቆርቆሮው ውስጥ ትጨምረዋለች፤ እርስዎ 'አለቀ' ይላሉ። ከዚያ የሚቀጥለው። ሕጉን ማንም አያፈርስም። እርስዎም።"

የመጀመሪያውን ቀን እጇን ይዤ ነው ያደረግነው። ካርዱ ቆርቆሮው ውስጥ ሲወድቅ "ኳ!" አለ። ረድኤት ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። በሦስተኛው ቀን ብሩሿን ጨርሳ ካርዱን ራሷ አወረደች። ኳ! "አለቀ" አልኩ። ወደ ገመዱ ተመልሳ ኩባያዋን በጣቷ ነካች፣ ከዚያ ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ሻይዋን ልትጠጣ። ማንም ሳይጎትታት። የማጥበውን ሸሚዝ እንደያዝኩ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በዚያው ሳምንት መቀነቱን ፈትቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ስሕተቴን ልንገርሽ።

በስምንተኛው ቀን ልቤ ሞገተኝ። የክርስቲያን ልጅ ቀን በሽንት ቤት ይጀምራል እንዴ? ትንሽ የእመቤታችን ሥዕል ነበረችኝ፤ በመቆንጠጫ ከሁሉም ፊት ሰቀልኳት። ቤቲን አላማከርኩም። ለጸሎት የማንን ፈቃድ ልጠይቅ? ጠዋት ረድኤትን አቆምኳት፣ አማተብኩላት፣ ሥዕሉን አሳለምኳት፣ "አቡነ ዘበሰማያት" አልኩላት። ደስ አለኝ። እሷ ግን ሕጉን ተምራለች። እጇን ዘርግታ ሥዕሉን አወረደችና ወደ ቆርቆሮው ሄደች።

"ኧረ በስማም!" እጇን ያዝኩ። ከሽንት ቤቱ ካርድ ጋር እመቤታችንን ልትጥላት! ተቀብዬ ሳምኳትና መልሼ ሰቀልኳት። ረድኤት ወደ ገመዱ ሄደች፣ አወረደች። መልሼ ሰቀልኩ። አወረደች። ሰቀልኩ። ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። በመጨረሻ ማውረዱን ተወች። ፊቷን ወደ ሥዕሉ አዙራ ቆመች።

ሻይ ቀዳሁላት። አልመጣችም። ዳቦ ሰጠኋት። ጣለችው። ከቦታዋ ሳላነሳት ልብሷ ላይ ሸናች። ልጎትታት ስል ጮኸች። ያን ዓይነት ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። እጇን ነከሰች። ደማ።

ሁለተኛው ቀን እንደዚያው። ሦስተኛው ቀን እንደዚያው። ሥዕሉ ፊት ትቆማለች፣ ትጮኻለች፣ ድንገት በሩን በርግዳ ትወጣለች። ሦስቴ ከመንገድ መለስኳት። ሦስተኛው ላይ ሣጥኑን ከፈትኩ።

መቀነቱን ስታይ ዝም አለች። አልጋው አጠገብ ሄዳ ቁጭ አለች። እግሯን ራሷ ዘረጋችልኝ።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ቀን ፈጅቶብኛል።

ቤቲ በቀጠሮዋ ስትመጣ መቀነቱ እዚያው ነበር። አየችው። ወቀሳ ከአፏ አልወጣም። ታደሰም የዕረፍት ቀኑ ሆኖ ቤት ነበር፤ አንገቱን ደፍቷል። "የካርድሽ መድኃኒትነት ለአንድ ሳምንት ብቻ ሆነ" አልኳት፣ እየመረረኝ። እሷ መሬት ላይ ተቀምጣ፣ "ጠዋት የምታደርጉትን ሁሉ ያሳዩኝ" አለች። ረድኤትን ፈታን፣ አቆምን፣ አማተብን፣ ተሳለምን። ረድኤት ሥዕሉን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ እንደ ሐውልት ቆመች።

ቤቲ ወደ እኔ ዞራ፣ "እትዬ፣ ጸሎቱ መቼ ነው የሚያልቀው?" አለችኝ።

"ጸሎት ደግሞ ያልቃል እንዴ?"

"ለእሷም አላለቀም። 'አለቀ' ያላት የለም። ልጅዎ ሦስት ቀን ሙሉ ጸሎት ላይ ናት።"

 ታደሰ ቀና ብሎ፣ "እኔ አሥር ደቂቃ ስቆም ወገቤ ይቆረጣል፤ ልጄ መነኩሴዎቹን በለጠች!" አለ። ቤቲ ሳቀች፣ እኔ ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ ወደ ለቅሶ ተገለበጠ። አመጸች ያልኳት ልጅ እኮ የታዘዘችውን ነበር የምትፈጽመው። ሕጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።

"እመቤታችን ቆርቆሮ ውስጥ አትገባም፤ ልክ ነዎት" አለች ቤቲ። "ግን ገመዱም ላይ ቦታዋ አይደለም። ገመዱ የሚያልቅ ነገር ነው የሚሰቀልበት።" ሥዕሏን ተቀብዬ ከሁሉም በላይ፣ ምንም ካርድ በማይደርስበት ከፍታ ምስማር መትቼ ሰቀልኳት። ቤቲ የረድኤትን ሁለት እጆች አጋጥማ ፎቶ አነሳቻቸው። ትንንሽ እጆች ብቻ፤ አንደኛው የንክሻ ቁስል አለበት። ሲታጠብ ያ ሆነ የጸሎት ካርዳችን። በማግስቱ ጠዋት ጸልየን ስንጨርስ ረድኤት እጆቿን ከገመዱ አወረደች፣ ቆርቆሮው ውስጥ ጣለች። "አለቀ" አልኩ። በረጅሙ ተነፈሰች፤ ሦስት ቀን ይዛው የቆየችው ትንፋሽ ይመስል ነበር። ዳቦዋን በላች።

በዚያው ቀን ከሰዓት ቤቲ ተመልሳ መጥታ ሌላ ነገር ጠየቀችኝ። "ስትሮጥ ወዴት ነው የምትሮጠው?"

 ልጄን ሁለት ዓመት ሳስር የት ልትደርስ እንደምትፈልግ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። "እስቲ እጇን ይዘን እንከተላት" አለች ቤቲ። ተከተልናት። አስፋልቱን በጥንቃቄ አሻገርናት፣ ሸምሱ ከሱቁ ወጥቶ "ኧረ ዛሬስ በሰልፍ ነው!" አለን፣ እሷ ዞር ሳትል ቀጠለች። የከተማው ባቡር ሐዲድ አጠገብ ደርሳ ቆመች። ቆየን። ባቡሩ መጣ፤ የከሰዓት ፀሐይ በመስኮቶቹ ላይ እየተሰባበረ፣ ብርሃን፣ ጥላ፣ ብርሃን፣ ጥላ እያለ ፊቷ ላይ አለፈ። ረድኤት ጣቶቿን ከፈተች፣ ዘጋች። ያ የምስማር ቀዳዳ ብርሃን ትዝ አለኝ። ለካ ልጄ አልጠፋችም ነበር፤ ያንኑ ብርሃን ትልቁን አግኝታ ወደሱ ነበር የምትሮጠው።

ቤቲ ስልኳን አወጣች። "ሁለታችሁም ግቡበት፤ እጅ ለእጅ ተያያዙ" አለችን። ፎቶው ላይ ባቡሩ ከኋላችን ያልፋል፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኛለሁ፣ ረድኤት ወደ ሌላ ታያለች፣ እጃችን ግን ተያይዟል። ያን ካርድ ከአልጋው ካርድ በፊት፣ በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ እንድንሄድ ሰቀልነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በትዝታዬ ውስጥ ረጅምና ለስላሳ ሆኖ ነው ያለው፤ ጠዋት ገመዱ ሞልቶ ሲወዛወዝ፣ ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ካርዶቹ አንድ በአንድ እየቀነሱ ግድግዳው ሲገለጥ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ እኔ ልብሴን አጥቤ፣ አስጥቼ፣ ልጄ ሳፋው ውስጥ ውኃ ስትቀዳና ስትደፋ አጮልቄ እያየሁ፣ ልቤ በየደቂቃው ወደ በሩ ሳይበር የምውልበት ጊዜ። ሁሉም ቀን ደህና ነበር አልልሽም። ባቡሩ የማይመጣበት ቀን አለ፣ ውኃ የሚጠፋበት ቀን አለ። ለዚያ ቤቲ ቀይ ካርድ ሠራችልን፤ "ተለውጧል" ማለት ነው፤ ከሚቀረው ነገር ላይ እንሰቅለውና በቦታው ሌላ እንተካለን። ታደሰ፣ "ዘነቡ ዳኛ ሆነች፣ ባቡሩን ቀይ ሰጠችው!" እያለ ይስቅብኛል። ረድኤት ግን መጀመሪያ ሰሞን ቀዩን ስታይ ታለቅስ ነበር፤ ቆይታ ቆይታ ቀዩን እየዳበሰች የተተካውን መጠበቅ ለመደች።

እውነቱን ለመናገር ግን ፍርሃቴ አልለቀቀኝም ነበር። ገመዱ የሚሠራው እኔ ቆሜ ስላየሁ ነው እል ነበር። መቀነቱንም አልጣልኩትም። ሣጥን ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ፤ እጄም ያውቃል።

ባለፈው ክረምት ማለቂያ ላይ ሰውነቴ በትኩሳት ተቃጠለ። ታደሰ ሥራ ነው። ትንሽ ጋደም ልበል ብዬ በቀን አልጋዬ ላይ ወጣሁ። እንቅልፍ ይሁን ትኩሳት አላውቅም፤ ገመዱ ሲረዝም፣ ከቤቱ ወጥቶ በፋብሪካዎቹ ላይ ሲያልፍ፣ ልብሶቼና ካርዶቹ አብረው ተሰቅለው በነፋስ ሲሄዱ አየሁ። ከሩቅ የባቡር ድምፅ ይሰማኛል። ያ ድምፅ ነው ያነቃኝ።

በሩ ክፍት ነው።

ገመዱን አየሁ። የአልጋው ካርድ ብቻ ቀርቷል። የባቡሩ ካርድ የለም። ቆርቆሮውን ደፋሁት። እዚያም የለም። ጫማዋ የለም። የመኪና ጥሩምባ ሰማሁ። ባዶ እግሬን ወጣሁ። ግድግዳውን ተደግፌ ሄድኩ። የግቢው በር ተከፍቷል።

ረድኤት የበሩ ደፍ አጠገብ ተቀምጣለች። ከደፉ ወዲህ፣ በውስጥ በኩል። ጫማዋን አጥልቃለች፤ የግራው በቀኝ ነው። ካርዱን በአንድ እጇ ይዛለች። በሌላው እጇ የእኔን ጫማ ይዛለች፤ አንዱን ብቻ። ሸምሱ ከሱቁ ውስጥ፣ "እትዬ፣ ስጠብቃት ነበር፤ አንዴም አልወጣችም። ብስኩት ብላት እንኳ!" ብሎ ጮኸ።

ካርዱን አየሁት። ካርዱ ላይ ሁለት ሰው አለ። ብቻዋን ብትሄድ ካርዱ ልክ አይሆንም ነበር።

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ባቡሩ አልፏል፤ ግድ የለም፣ ቀይ ካርድ አለን። ጫማዬን ጭኔ ላይ አስቀመጠችው። ዓይኔን አላየችኝም። ጭንቅላቷን ግን ክንዴ ላይ ጣል አደረገችው።

ረድኤት ዛሬ ስምንት ዓመቷ ነው። አትናገርም፤ ወደፊት ትናገር እንደሆነ ሐኪሟም አታውቅም። "እማ" የሚለውን ቃል አልሰማሁትም። ግን ጥርሷን ትቦርሻለች፣ ልብሷን ትለብሳለች፣ ሽንት ቤት ትሄዳለች፣ ቀኑንም ታነባለች። እኔም አብሬያት አነባለሁ። መቀነቱን ከሣጥን አውጥቼ ወገቤ ላይ ታጥቄዋለሁ።

ቁርጭምጭሚቷን አይታ ልቤን ላልሰበረችው ሐኪም፣ መሬት ላይ ተቀምጣ ላስተማረችኝ ለቤቲ፣ ስኳሩን በትኖ ልጄን ላተረፈልኝ ለሸምሱ፣ በሳቁ ላቆመኝ ለታደሰ አምላክ ውለታቸውን ይክፈልልኝ። አንቺም እህቴ፣ ልጅሽ ስሟን ስትጠሪያት ካልዞረች ሳትውይ ሐኪም አሳዪ፤ እኔ ብዙ ዓመት አባክኛለሁ። አልማርኩም ብለሽ አትፍሪ፤ ካርቶንና ገመድ ፊደል አይጠይቅም። የራሷን ኩባያ፣ የራሷን ጫማ ፎቶ አንሺ፤ የሰው ቤት ኩባያ ለእሷ ሌላ ነገር ነው። በጥቂት ካርድ ጀምሪ። የሰቀልሽውን አድርጊ፣ የማታደርጊውን አትስቀዪ፣ ያለቀውን አለቀ በይ። ምንም ነገር ከመጨመርሽ በፊት ደግሞ እንዴት እንደሚያልቅ አስቢበት፤ እኔ ይህን ሳላስብ ልጄን ሦስት ቀን አቁሜያታለሁ። እና የምትሮጥ ከሆነች አንድ ቀን እጇን ይዘሽ ተከተያት፤ ወዴት እንደሆነ እይላት። ካርዱን ስትሠሪ አንቺም ግቢበት።

ብዙ ልጽፍልሽ ነበር። ግን አሥር ሰዓት ሊሆን ነው፤ ረዱ ሁለቱንም ጫማዬን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።